የተጣራ ውሃ ለቤት ውስጥ ካናቢስ ያዋጣል?

ጥያቄ፦ ሎስ አንጀለስ ነው የምኖረው። የካሊፎርኒያ ሕግ የሚፈቅዳቸውን ስድስት የካናቢስ ተክሎች ቤት ውስጥ አሳድጋለሁ። የቧንቧው ውሃ ሲለካ 320 ፒፒኤም (በሚሊዮን ክፍል ውሃ ውስጥ የሟሟ ጨውና ማዕድን መጠን) ያሳያል፤ የቅጠሎቹ ጫፍም እያረረ ነው። ማጣሪያ ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትቸኩል። ጫፍ የሚያሳርረው ብዙ ጊዜ የማዳበሪያ ብዛት ነው። መጀመሪያ ከመትከያው ሥር የሚወጣውን ውሃ ፒፒኤም ለካ። ከምታጠጣው እጅግ ከበለጠ ጨው አፈሩ ውስጥ ተከማችቷል ማለት ነው።

ጠያቂው፦ እሺ፣ እለካለሁ። ውሃውን ክፍት አድርጌ ባሳድረውስ?

መልስ፦ ክሎሪን ቢሆን ይተን ነበር። የከተማችን ውሃ የሚታከመው ግን በክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ የተዋሃዱበት ማጽጃ) ነው፤ በአንድ ሌሊት አይለቅም። የከሰል ማጣሪያ ይበቃዋል፤ ዋጋውም ቀላል ነው።

ሌላ መልስ፦ እኔ ማዕድኑን ሁሉ ከሞላ ጎደል የሚያወጣውን ሙሉ ማጣሪያ ገዝቻለሁ፤ በጣም ወድጄዋለሁ። ግን እባክህ ካልሲየምና ማግኒዚየም ጨምርበት! ማግኒዚየም ሲያጥር የታችኞቹ ቅጠሎች በጅማቶቻቸው መካከል ቢጫ ይሆናሉ።