የሳር ማጨጃዬን የቤንዚን ቱቦ በምን ልቀይረው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቱ ስትሮክ የሳር ማጨጃ አለኝ። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳልሰጠው በዝግታ ሲዞር) አልቆም አለ፤ ነዳጅ ስሰጠው ደግሞ ይታነቃል። ካንዴላ ቀየርኩ፣ ካርቡራተሩን አጠብኩ፣ ለውጥ የለም። በኋላ ቱቦውን ስነካው ታንኩ ቀዳዳ አፍ ላይ ቁርጥ አለ። ለጊዜው ብዬ ነጭ የውሃ ቱቦ ገጠምኩ። በ2 ሳምንት ቢጫ ሆነ፣ ደረቀ፣ ሳጥፈው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። አሁን እጄ ላይ ያለው ሲሊኮን ቱቦ ነው። ለስላሳ ነው፣ ሙቀትም ይችላል። ልግጠመው?

መልስ 1፦
እንዳትገጥመው ወንድሜ። ሙቀት መቻሉ እውነት ነው፤ ቤንዚን ግን ይጠጣል። ያብጣል፣ ይልፈሰፈሳል፣ በመጨረሻ ከካርቡራተሩ አፍንጫ ይወልቃል። ሲሊኮን የሚመቸው በሜታኖል ለሚሠሩ የሞዴል አውሮፕላን ሞተሮች ነው። ላንተ የሚሆነው ለነዳጅ የተሠራ ናይትራይል ጎማ ወይም ታይጎን የሚባለው ቢጫ ቱቦ ነው። ቤንዚኑ ኤታኖል ካለበት ግን ቫይተን የሚባለው ጎማ የተሻለ ይችላል። ካላመንክ የሲሊኮኑን ቁራጭ ለካና ብርጭቆ ውስጥ ቤንዚን ላይ አሳድረው። ከቤት ውጭ፣ ከእሳት ርቀህ። ጠዋት መልሰህ ለካው።

መልስ 2፦
በቫይተን እስማማለሁ፣ ግን ድርቅ ያለ ነው። ታንኩ ውስጥ ያለው ቱቦ ጫፍ ላይ ፊልትሮ አለ አይደል? ማሽኑን ስታዘነብለው ፊልትሮው በክብደቱ ቤንዚኑ ወዳለበት መውደቅ አለበት። ቱቦው ካልታጠፈለት አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እኔ ታንኩ ግማሽ ሆኖ ሞተሩ እየጠፋብኝ 3 ቀን ካርቡራተር ስፈታና ስገጥም ከርሜያለሁ፤ ጥፋቱ ግን የቱቦው ነበር። ስለዚህ ለታንኩ ውስጥ ለስለስ ያለውን ምረጥ። ርዝመቱም ፊልትሮው የታንኩን ታች ጥግ እስኪነካ ብቻ ይሁን፤ ከረዘመ ይጠመዘዝና ይታነቃል።

መልስ 3፦
እኔ የምፈራልህ ልኩን ነው። ብዙዎቹ ማሽኖች ታንካቸው ቀዳዳ ላይ ሌላ ጎማ የላቸውም፤ ቀዳዳውን የሚደፍነው ቱቦው ራሱ ነው። ስለዚህ የውጪ ውፍረቱም የውስጡን ያህል ወሳኝ ነው። አሮጌውን ቱቦ አትለካ፣ አብጧል ወይ ኮስሷል። የፑንታ (የድሪል መብሻ) ጀርባ ቀዳዳው ውስጥ እየከተትክ ልኩን አግኝ፤ ቱቦው ከዚያ ትንሽ ወፈር ይበል። የውስጡን ደግሞ ከካርቡራተሩ አፍንጫ ውሰድ። እዚያ ጋ ከላላ አየር ይስባል፣ ቤንዚኑም ያንሳል። ዘይቱ የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ስለሆነ ፒስቶኑም በደረቁ ይሠራል ማለት ነው። በዚህ ቀልድ የለም።
ለማስገባት ጫፉን ረጅም አድርገህ በሰያፍ ቁረጠው፣ ቱ ስትሮክ ዘይት ቀባ አድርግ፣ ሹሉን አሳልፈህ በፒንሳ ከውስጥ ሳበው። ቀዳዳውን እንዳታሰፋ።

ጠያቂው፦
ቱቦዎቹ ግን 2 ናቸው። የትኛው የት ነው የሚገባው?

መልስ 3፦
ፊልትሮ ያለው ወደ ካርቡራተር ይሄዳል። ሌላው በጣት ከምትጫናት ፓምፕ ወደ ታንክ የሚመለስ ነው፣ ፊልትሮ የለውም። ከመንቀልህ በፊት በስልክ ፎቶ አንሳው።

ጠያቂው፦
ቢጫውን ገጠምኩት። የመጀመሪያው ቁራጭ ቀጥኖ በቀዳዳው ዙሪያ ቤንዚን አላበ፤ ወፈር ባለው ቀየርኩት። አሁን ፓምፗን 6 ጊዜ ስጫናት ቱቦው ውስጥ አረፋ የለም፣ ሚኒሞውም ቆሟል። ሲሊኮኑን ብርጭቆ ውስጥ አሳድሬው ነበር። 10 ሳንቲ ሜትር ቆርጬ ነበር፣ ጠዋት በዓይን የሚታይ ረዝሟል። እግዜር ይስጥልኝ።