ፒክኒክ የሚለው ቃል ነውር ነው እንዴ?

የሜሪላንዷ፦
ሰላም ሰዎች። መሥሪያ ቤታችን ሰመር ላይ ፓርክ ወስዶ ሊጋብዘን ነው። የጥሪውን ኢሜይል እኔ ስጽፍ «ፒክኒክ» አልኩና አንዷ ባልደረባዬ ቃሉን አውጪው አለችኝ። ድሮ በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች (በዩናይትድ ስቴትስ ደቡብ) ነጮች ጥቁር ሲሰቅሉ ምግብ ይዘው እየሄዱ ያዩ ነበር፣ ቃሉም «አንዱን ጥቁር ምረጥ» ከሚል የእንግሊዝኛ ስድብ አጥሮ ነው የመጣው ትላለች። እውነት ነው?

ቡና በጤናዳም፦
እህቴ፣ ወሬው እውነትና ውሸት ቀላቅሏል። ሰው ልጆቹን ሳይቀር ይዞ ጥቁሮች ሲሰቀሉ ለማየት ይወጣ ነበር፣ የሬሳው ፎቶ ፖስትካርድ ሆኖ ይሸጥ ነበር፣ ይሄ እውነት ነው። ቃሉ ግን ከዚያ አልመጣም። የፈረንሳይኛ ነው፣ «ፒክ ኒክ»። «ፒክ» መልቀም፣ መቆንጠር ከሚለው ሳይሆን አይቀርም፣ «ኒክ» ደግሞ ቤት እንዲመታ የገባ ይመስላል። እንግሊዝኛም ላይ በ1748 የእንግሊዙ መኳንንት ሎርድ ቼስተርፊልድ ጀርመን ለነበረው ልጁ በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ አለ። የደቡቡ ግድያ የበረታው ከ1880ዎቹ ወዲህ ነው፣ አስቢው።

አቤ፦
የሚገርመው መጀመሪያ ከደጅና ከሣር ጋር ምንም አያገናኘውም ነበር። ሁሉም የድርሻውን የሚያመጣበት ወይም የሚከፍልበት ግብዣ ማለት ነው፣ ቤት ውስጥም ይሁን። ለንደን ውስጥ በ1800ዎቹ መጀመሪያ ፒክ ኒክ የሚባል የሀብታሞች ክለብ ነበር፣ ቲያትር ይሠራሉ፣ ማን የትኛውን ምግብ እንደሚያመጣ ዕጣ ይወጣል። ጋዜጣና ካርቱኒስት ሁሉ ተሳለቀባቸው። ወደ ሜዳ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። በአጭሩ የኛ ማኅበር በለው።

ቡና በጤናዳም፦
ኧረ አቤ! ማኅበር ተራ ነው እኮ፣ ባለተራው ብቻውን ነው የሚደግሰው። ይሄ መዋጮ ነው።

አቤ፦
እሺ መዋጮ ይሁን፣ ተሸነፍኩ 😄

የዲሲው ልጅ፦
ታሪኩን ለሷ ማስረዳቱ ጥሩ ነው፣ ግን ኢሜይል ላይ ክርክር አትክፈቺ። የሰማችው ነገር የሚያመው በምክንያት ነው። «ኩክአውት» (ደጅ አብስሎ መብላት) ብለሽ ላኪው፣ ጥቁር አሜሪካውያንም አዘውትረው የሚሉት እሱን ነው።

የሜሪላንዷ፦
ተባረኩ። ኩክአውት ብዬ ልኬዋለሁ። አሁን ጭቅጭቁ ማን ሥጋ ያመጣል የሚለው ላይ ነው፣ ለኔ የደረሰኝ የወረቀት ሳህን ነው።