ውጭ አገር እዚያው በሚገኝ ዕቃ ምግብ የምትሠሩ፣ እንዴት ነው የምታደርጉት?

ሊሊ_ኩሽና፦
ሰላም ቤቶች እንዴት ናችሁ? ውጭ ከወጣሁ ቆየት ብያለሁ፣ ይዤ የመጣሁት ቅመምም አለቀ፣ በሰው በሰው ላኩልኝ እያልኩ ማስቸገሩም ሰለቸኝና እዚሁ ሱፐርማርኬት ባለው ነገር ልሞክር ብዬ ተነሳሁ። ግን ግራ ገባኝ እኮ! ሽንኩርቱ ሕፃን ልጅ ጭንቅላት ያክላል፣ ድስት ውስጥ ሲገባ ግን ውሃ በውሃ ይሆናል፣ ወጡም ስኳር ስኳር ይላል። በርበሬው ወይ ቀይ ሆኖ አያቃጥልም ወይ አቃጥሎ ቀለም የለውም። ቦሎቄው ውሎ አድሮም ጠጠር ነው። ዳቦውንማ ተዉት። ሬሲፒ ኢንተርኔት ላይ እያየሁ ልክክ አድርጌ ነው የምሠራው ግን የነሱ ዓይነት አይወጣልኝም። ዝም ብሎ እየገመቱ መሞከር ነው ወይስ የሆነ ዘዴ አለው?

ዝምተኛው_ሼፍ፦
ሊሊዬ ዘዴማ አለው። እኔ ዕቃ ከማንሳቴ በፊት ይሄ ነገር ድስቱ ውስጥ ሥራው ምንድነው ብዬ ነው የማስበው፣ ውሃ ነው የሚሰጠኝ፣ ስብ ነው፣ ቀለም ነው፣ ማቃጠል ነው፣ ኮምጣጣነት ነው? ያ ከታወቀ ምትኩን ማግኘት ቀላል ነው።

ሽንኩርቱን ብንወስድ፣ ትልልቁ ለስላሳው ውሃው ብዙ ነው። ትንንሹን፣ ጠጠር ያለውን፣ ልጣጩ ደርቆ የተጣበቀውን ምረጪ፣ ሻሎት የሚባለውን ትንሽዬ የሽንኩርት ዓይነት ካገኘሽ ደግሞ በጣም ጥሩ። በማሽን አድቅቀሽው ከሆነ ተዪው፣ በቢላ ክተፊው። ከዚያ ሰፋ ያለ ድስት ላይ ያለ ዘይት፣ ሳትከድኚ፣ ቆንጠር አድርገሽ ጨው ጣል አድርገሽ አቁላዪው። ውሃው እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ብዙ አይዘልም፣ ስለዚህ ይቀቀላል እንጂ አይጠቁርም። ድምፁን ስሚ፣ መጀመሪያ ፉጨት ፉጨት ይላል፣ ውሃው ሲያልቅ ድምፁ ይቀንስና ታች መያዝ ይጀምራል፣ ዘይት የሚገባው ያኔ ነው። ሰዉ ቶሎ ዘይት ይጨምርና ሽንኩርቱ ገና ጥሬ ሳለ ቲማቲም ይደፋበታል፣ ከዚያ ወጡ ስኳር ስኳር አለ ብሎ ያማርራል።

በርበሬውን ደግሞ ለሁለት ክፈይው። ለቀለሙ ጣፋጩን ፓፕሪካ (የማያቃጥል ቀይ የበርበሬ ዱቄት ነው)፣ ለማቃጠሉ ካየን ፔፐር፣ መጠኑን እንደ አፍሽ። ቀለሙም የሚያቃጥለው ነገርም ስብ ውስጥ ነው የሚሟሟው፣ ስለዚህ ዘይቱ ላይ አዋህጂው ግን እሳቱ ዝቅ ይበል ቶሎ ያርራል። የታጨሰው ፓፕሪካ የሚባል አለ፣ እሱን ሳታዪ እንዳትገዢ፣ ድስቱን በሙሉ ይወርሰዋል።

ጋሽ_ምድጃ፦
ስለ ዳቦው እኔ ልመልስ። ልጄ፣ ዱቄት ስትገዢ የፊት ለፊቱን ስም ተይና ጀርባውን ገልብጪው፣ ፕሮቲን የሚለውን ከ100 ግራም ላይ እዪ። ለዳቦ ከ12 እስከ 14 አካባቢ ነው የሚፈለገው፣ 9 ወይ ከዚያ በታች ከሆነ ለኬክ ነው፣ የፈለግሽውን ያህል ብታሺው አይነሳም። ጀርመኖች 550፣ ፈረንሳዮች 55 እያሉ ቁጥር ይጽፉበታል፣ ብዙ ሰው የጥንካሬ ይመስለዋል፣ ግን ዱቄቱ ተቃጥሎ የሚቀረው አመድ መጠን ነው፣ ሁለቱም የሚናገሩት አንድ ዓይነት ዱቄት ነው።

ሬሲፒው ያልሠራልሽ ደግሞ በኩባያው ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ ኩባያ 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፣ የአውስትራሊያ 250፣ የጃፓን 200። የሾርባ ማንኪያም ቢሆን አውስትራሊያ 20 ሚሊ ሊትር ነው ሌላው ጋ 15። ትንሽ ሚዛን ግዢና በግራም ሥሪ፣ ግማሹ ጭቅጭቅ ያልቃል። እርሾም እንደዚያው ነው፣ እርጥቡ ተብሎ ከተጻፈና አንቺ ያለሽ ደረቁ ከሆነ ሲሶውን ያህል በቂ ነው። ኦቨንሽ ፋን ካለው 20 ዲግሪ ቀንሺ። ውሃውን በአንዴ አትድፊው፣ ዱቄቱ ሁሉ አንድ ዓይነት አይጠጣም።

ቤዛ_ም፦
ቦሎቄው ላይ ማንም አልመለሰም እንዴ 😄 ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል? ከጋገረ ውሃችሁ ካልሲየም የበዛበት ነው፣ የቦሎቄውን ቆዳ ያጠነክርብሻል። በተጣራ ውሃ ሞክሪ ወይ በጣም ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ጣል አድርጊበት። ቲማቲምና ሎሚ ከበሰለ በኋላ ይግባ፣ ኮምጣጣ ነገርም ያጠነክረዋል። ቆይቶ ያረጀ ቦሎቄ ከሆነ ግን ምንም ብታደርጊ ያው ነው፣ ሸማች የሚበዛበት ቦታ ግዢ። ደሞ ቀይ ቦሎቄ ከሆነ በስሎው ኩከር (በዝግታ በሚያበስለው የኤሌክትሪክ ድስት) ብቻ እንዳታበስዪው፣ ውስጡ ያለው መርዝ በዝግታ እሳት አይሞትም፣ ዘፍዝፈሽ ውሃውን ድፊና በአዲስ ውሃ 30 ደቂቃ ያህል ክትክት አድርገሽ አፍዪው።

ዝምተኛው_ሼፍ፦
ቤዛ ሶዳው ላይ አልስማማም፣ ትንሽ ከበዛ ጭቃ ይሆናል ጣዕሙም ሳሙና ሳሙና ይላል። ማታ ጨው ባለው ውሃ መዘፍዘፍ ይሻላል፣ ቆዳውን ያለሰልሰዋል።

ቤዛ_ም፦
ትንሽ አልኩ እኮ ወንድሜ! በጣም ጠንካራ ውሃ ያለበት ከተማ ኖረህ ብታየው ትፈርድልኝ ነበር። ጨዉ ግን እውነትህን ነው፣ ሁለቱንም ነው የማደርገው።

ሊሊ_ኩሽና፦
ውይ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም፣ ጋሼ እርስዎንም። ማንቆርቆሪያዬ ነጭ በነጭ ነው ለካ! ሁለት ነገር ልጨምር፣ ቅቤ ላነጥር ስል የትኛውን ልግዛ? ደግሞ ሰፈሬ ያለው ፓርክ ውስጥ ልጅ ሆኜ የማውቀውን ቅጠል የሚመስል አየሁ፣ እንጉዳይም አለ፣ በነፃ ነው እኮ 😅

ጋሽ_ምድጃ፦
ልጄ እሱን እንዳትነኪ! ይመስላል ማለት ነው ማለት አይደለም። ዴዝ ካፕ የሚባለው እንጉዳይ እስያ ውስጥ የሚበላውን ስለሚመስል አሜሪካም አውስትራሊያም ስደተኞች በልተውት ሞተዋል፣ መቀቀልም ማድረቅም መርዙን አያጠፋውም፣ ሕመሙም ቶሎ አይጀምርም፣ ብዙ ጊዜ ከተበላ 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፣ ያኔ ጉበት ተነክቷል። የአገሩን ዕፅዋት የሚያውቅ ሰው አብሮሽ ካልሄደ የተሸጠውን ብይ።

ዝምተኛው_ሼፍ፦
ቅቤው ጨው የሌለበት ይሁን፣ ጨው ያለበት ሲነጠር ጨዉ ከታች ይዘቅጣል፣ ድንገት ካማሰልሽው ሁሉን ያበላሻል። ስቡ 80 ወይ 82 በመቶ ይላል ጀርባው ላይ፣ ቀሪው በአብዛኛው ውሃ ነው፣ ያ ውሃ እስኪያልቅ በዝቅተኛ እሳት ተዪው፣ አረፋው ሲረጋና ታች ያለው ፍርፋሪ ወርቃማ ሲሆን አውርጂና በጨርቅ አጥልዪ። ማርጋሪንና ለዳቦ የሚቀባ ብለው ከዘይት የቀላቀሉትን አትግዢ፣ ማሸጊያው ቅቤ ቢመስልም ስቡ ያንሳል ውሃው ይበዛል። ቅመሙን ቅቤው ገና እሳት ላይ ሳለ ጨምሪ፣ ነጭ ሽንኩርት ካለበት ግን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው።