ኮምቦልቻ ያለ ድርጅት በፍርድ ቤት «ከስሯል» መባሉን ከየትኛው መዝገብ ነው የሚጣራው?

የቦርከና ማዶ

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ የሚሠራ አንድ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር የግንባታ ዕቃ በዱቤ ወስዶ ክፍያ አቁሟል። የዱቤ ውሉም፣ የዕቃ መረከቢያውም፣ ሳይከፈል የተመለሰ ቼክም አለ። ገበያው «ፍርድ ቤት ኪሳራውን ወስኖለታል፣ ከዚህ በኋላ ማንም አያገኝም» ይላል። የውሳኔውን ቁጥር የሚያውቅ ግን የለም። ክስ ከመመሥረቱ በፊት እንዲህ ያለ መዝገብ መኖር አለመኖሩ የት ይጣራል? ከተገኘስ ተከራካሪ ላልሆነ ሰው ግልባጭ ይሰጣል?

ጠበቃ ከሸዋ በር

አብሽር ወንድሜ። ከክሱ በፊት ለማጣራት ማሰብህ ትክክል ነው። በድርጅቱ ላይ የኪሳራ ውሳኔ ተሰጥቶ ከሆነ መያዣ የሌለው ገንዘብ ጠያቂ ለብቻው የሚያቀርበው ክስ ይቆማል፤ ዕዳውን የሚያስመዘግበው ፍርድ ቤቱ ለሾመው የኪሳራ ንብረት አስተዳዳሪ ነው። ይህን ሳያውቅ የሚከስ ሰው የዳኝነት ከፍሎ፣ ቀጠሮ ጠብቆ፣ የማስመዝገቢያው ጊዜ ሊያመልጠው ይችላል።

ፍለጋው ከፍርድ ቤት ሳይሆን ከንግድ መዝገብ ይጀምር። ምክንያቱ ሁለት ነው። የኪሳራ ውሳኔ በንግድ መዝገብ መግባት አለበት። ደግሞም የኪሳራ አቤቱታ የሚቀርበው የድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት ባለበት ቦታ ላለው ፍርድ ቤት ነው። ማምረቻው ኮምቦልቻ ሆኖ ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ከተመዘገበ መዝገቡን ደሴ ላይ ብትፈልገው አታገኘውም፤ የፌዴራል ፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። ስለዚህ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ይዘህ የኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደር የንግድ መሥሪያ ቤት ሂድና የምዝገባውን ዝርዝር ጠይቅ። ፋይሉ ውስጥ የፍርድ ቤት ደብዳቤ ወይም የሒሳብ አጣሪ ሹመት ካለ እዚያው ይታያል። ንግድ ፈቃዱን ብቻ ማየት ከፈለግህ በንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኢትሬድ የኢንተርኔት ገጽ ላይ በዚያው ቁጥር ይወጣል። ድርጅቱ ያለው ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ከሆነ ግን ምዝገባውና ፈቃዱ የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ኮሚሽን ዘንድ ሊሆን ስለሚችል የከተማው ንግድ መሥሪያ ቤት «አናውቀውም» ቢልህ አትደንግጥ።

ዋና መሥሪያ ቤቱ ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ከሆነ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት መሄድ ትርፉ ድካም ነው። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 15(2) መሠረት የኪሳራ ጉዳይ፣ እንዲሁም የማኅበር መፍረስና ሒሳብ ማጣራት፣ የገንዘቡ መጠን ምንም ይሁን የከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥልጣን ነው። ስለዚህ ደሴ የሚገኘው የደቡብ ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው በር ነው። ማኅበሩ የተመዘገበው በፌዴራል መሥሪያ ቤት ከሆነና ገንዘቡ ከፍ ካለ ጉዳዩ በውክልና ሥልጣን፣ ማለትም የፌዴራል ፍርድ ቤቱን ተክቶ፣ በክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሊታይ ስለሚችል ደሴ ባለው ምድብ ችሎትም ጠይቅ። የሁለቱ ሬጅስትራር (የመዝገብ ቤት ኃላፊ) የተለያየ ነው፤ አንዱ ጋ «የለም» መባሉ ለሌላው አያገለግልም።

ሌላው መጠንቀቅ ያለብህ የቃሉ አጠቃቀም ነው። ፈቃድ አለማደስ፣ በአባላት ስምምነት መፍረስና በባንክ ሐራጅ መሸጥ ገበያው ውስጥ ሁሉም «ከሰረ» ይባላል። አንዳቸውም ግን የኪሳራ ውሳኔ አይደሉም፤ ክስህንም አያግዱም። ደመወዝተኛም ይሁን ሌላ ነጋዴ ያልሆነ ሰው ዕዳ ካለበት የሚፈለገው መዝገብ የአፈጻጸም መዝገብ፣ ማለትም የተሰጠ ፍርድ የሚፈጸምበት፣ ነው።

መዝገብ ቤቱን የማውቅ

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው መዝገብ ቤት ከደረስክ በኋላ ስላለው ነው። ብዙ ሰው «የለም» የሚባለው እዚያ ነው፣ መዝገቡ እያለ።

የመዝገብ ቁጥር ከሌለህ የሚፈለገው በስም ነው። በእኛ አካባቢ ስሞች ደግሞ ፍለጋው በፊደል ይወድቃል። ሠይድ፣ ሰይድ፣ ሰኢድ፤ መሐመድ፣ መሀመድ፣ ሙሐመድ፤ ሐሰን፣ ሀሰን። ኮምፒውተሩ አንዷን ፊደል ብቻ ስለሚያይ «ሠ» ተጽፎበት የገባውን በ«ሰ» አያወጣውም። ስለዚህ ስሙን በሁሉም አጻጻፍ፣ እስከ አያት ድረስ፣ በወረቀት ጽፈህ ስጥ። የማኅበሩን ስምም ሙሉውንና በአጭሩ («ኃ/የተ/የግ/ማ») ሁለቱንም አስፈልግ።

ድርጅቱን በተጠሪ ረድፍ ብቻ አታስፈልግ። ባለዕዳው ራሱ አመልክቶ ከሆነ ስሙ የሚገኘው በአመልካች ረድፍ ነው፤ ባንክ ወይም ሌላ ገንዘብ ጠያቂ አመልክቶ ከሆነ ደግሞ በተጠሪ። ዓመቱንም ገደብ ስጠው፤ ክፍያ ካቆመበት ዓመት ወዲህ በል። ከ2013 በፊት የተጀመረ ከሆነ በ1952ቱ የንግድ ሕግ፣ ከዚያ ወዲህ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 የቀረበ ይሆናል። አዲሱ ሕግ የመልሶ ማደራጀት ሥርዓትም ስላለው «ኪሳራ» ብቻ ብለህ አትጠይቅ፤ መልሶ ማደራጀትንም በስሙ ጥራው። ድርጅቱ ገና በሕይወት ኖሮ ከገንዘብ ጠያቂዎቹ ጋር እየተደራደረ ሊሆን ይችላል፣ ያ ደግሞ ላንተ ከኪሳራው የተሻለ ዜና ነው።

መዝገቡ የተዘጋ ከሆነ በውሳኔው ጫፍ «መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ» የሚል ታገኛለህ። እንዲህ ያለው ከችሎቱ ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ የለም፣ ከማኅደር ክፍል ነው የሚወጣው፤ ዛሬ ጠይቀህ ዛሬ አትጠብቅ። ነሐሴና መስከረም ላይ ችሎቱ ዕረፍት ስለሚሆን ዳኛ ፊት መቅረብ ያለበት ማመልከቻ ይዘገያል፣ ብትችል ቀድመህ ጨርስ። ከ2014ቱ ጦርነት በፊት የተዘጋ መዝገብ ከሆነና ካልተገኘ ይግባኝ ተብሎበት እንደሆነ ከይግባኙ መዝገብ፣ ካልሆነም ከንግድ መዝገቡ ፋይል ግልባጩን መፈለግ ነው።

የቦርከና ማዶ

ጀዛኩሙላህ ኸይር። «ተከራካሪ ስላልሆንክ አይሰጥህም» የሚል መልስ ከመጣስ?

ጠበቃ ከሸዋ በር

በቃል ተጠይቆ በቃል ሲመለስ የሚመጣ መልስ ነው። በጽሑፍ አቅርበው። ለሬጅስትራር የተጻፈ ማመልከቻ፣ መታወቂያ፣ የዱቤ ውሉና የተመለሰው ቼክ ኮፒ ይያያዝ። በማመልከቻው «መዝገቡን ለማየት» ብለህ አትተወው፤ ጥቅምህን ግለጽ። «ከድርጅቱ ገንዘብ ጠያቂ ነኝ፣ ዕዳዬን ለማስመዝገብ የውሳኔው ቀንና የንብረት አስተዳዳሪው ማንነት ያስፈልገኛል» በል። ገንዘብ ጠያቂ ለኪሳራ ጉዳይ ባዳ አይደለም፣ ሥርዓቱ የቆመው ለእሱ ነው። ሬጅስትራሩ በራሱ መወሰን ካልፈለገ ለዳኛ እንዲቀርብልህ ጠይቅ። ሌላ ሰው የምትልክ ከሆነ የተረጋገጠ ውክልና ይኑረው።

ሌላ ክስ በየትኛውም ፍርድ ቤት ካለህ ደግሞ ጥሩ መንገድ አለ። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 145 ፍርድ ቤቱ የሌላ ፍርድ ቤት መዝገብ እንዲቀርብለት ማዘዝ ይችላል። በቃለ መሐላ መዝገቡ ለክርክርህ ለምን እንደሚያስፈልግና ግልባጩን ለምን በራስህ ማምጣት እንዳልቻልክ ማስረዳት አለብህ። ቁጥሩን የማትጠቅስ ከሆነ ግን ትእዛዙ ወጥቶም መዝገቡ አይመጣም፤ ስለዚህ የስም ፍለጋው ቀድሞ መጠናቀቅ አለበት።

ግልባጭ ስትጠይቅ «ሙሉ መዝገቡን» አትበል፤ የኪሳራ መዝገብ ወፍራም ነው፣ ክፍያውም በገጽ ይቆጠራል። የሚያስፈልግህ የኪሳራው ውሳኔ፣ ንብረት አስተዳዳሪ የተሾመበት ትእዛዝ፣ የንብረት ቆጠራውና የተጣሩ ዕዳዎች ዝርዝር ነው። ውሳኔው ውስጥ ፍርድ ቤቱ «ክፍያ ያቆመበት ቀን» ብሎ የወሰነውን ፈልግ። ከዚያ ቀን ወዲህ ድርጅቱ ለአንድ ገንዘብ ጠያቂ ለይቶ የከፈለው ወይም የሰጠው መያዣ ሊፈርስ ስለሚችል፣ አንተም ከዚያ ቀን ወዲህ የተቀበልከው ገንዘብ ካለ እወቀው።

ሒሳብ ሠራተኛ፣ ፒያሳ

የኪሳራ መዝገብ ካልተገኘ ሁለት ነገር ይታይ። ባንኮች በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ መሸጥ ስለሚችሉ፣ ማሽኑና ሕንፃው ምንም መዝገብ ሳይኖር ሊሄድ ይችላል። የዚህ ዱካ ያለው በአዲስ ዘመንና በበኩር ጋዜጦች የሐራጅ ማስታወቂያ ገጽ ላይ ነው። ተሽከርካሪ፣ ማሽንና ሸቀጥ ለማን በመያዣነት እንደተሰጠ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 በተቋቋመውና ብሔራዊ ባንክ በሚያስተዳድረው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መዝገብ ላይ በባለዕዳው መለያ ቁጥር ይፈለጋል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር ውሳኔ ቅጾችን (የታተሙ የውሳኔ መድበሎችን) ግን እንደ መዝገብ አትቁጠራቸው፤ እዚያ የሚገኘው እስከ ሰበር የደረሰ ጉዳይ ብቻ ነው።

መዝገብ ቤቱን የማውቅ

አንድ የመጨረሻ ነገር። ግልባጩን ስትረከብ ከመስኮቱ ሳትርቅ እያንዳንዱን ገጽ አገላብጠህ እይ። በየገጹ ክብ ማኅተሙ፣ በመጨረሻው ገጽ «ትክክለኛ ግልባጭ» የሚለው፣ የሬጅስትራሩ ስም፣ ፊርማና ቀን መኖር አለበት። አንድ ገጽ ማኅተም ከጎደለው ንብረት አስተዳዳሪውም ሌላው ፍርድ ቤትም ይመልሰዋል፣ ለዚያች ማኅተም ብቻ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት እንደገና ወደ ደሴ መውጣት ይሆናል። መዝገብ የለም ከተባልክ ደግሞ «በዚህ ስም የቀረበ የኪሳራ አቤቱታ የለም» የሚል ደብዳቤ በጽሑፍ ጠይቅ፤ ክስ ስትመሠርት አያይዘው።