የፊልም ምሽቱ ዕቅድ፦ የቱ ይቅደም?

አስተባባሪዋ፦
ሰላም ሁላችሁም። ለኮሚቴው የምናስገባውን ሐሳብ እንጨርሰው። ዋናው ፊልም የቴሪ ጊሊያም «12 መንኪስ» (እ.ኤ.አ. 1995) ነው። አብሮት መነሻ የሆነው የክሪስ ማርከር «ላ ዤቴ» (1962) ይታያል። እኔ በዕድሜያቸው ነው የደረደርኳቸው፤ አሮጌው ይቅደም ብዬ። ምን ትላላችሁ?

አባል 1፦
እኔ አልስማማም። ሁለቱም የሚጀምሩት አንድ ልጅ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ባየው ነገር ነው፤ የሚያልቁትም እዚያው። ከዚህ በላይ አልናገርም፣ ገና ያላያችሁ አላችሁ። «ላ ዤቴ» 28 ደቂቃ ነው። ቀድሞ ከታየ የ129 ደቂቃውን የ«12 መንኪስ»ን ምሥጢር ያፈስብናል።

ገንዘብ ያዡ፦
እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው ልጆች። «ላ ዤቴ»ን፣ በፎቶ ብቻ የተሠራ ፊልም፣ ማን ቁጭ ብሎ ያያል?

አባል 2፦
ጋሼ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። እኔም መጀመሪያ ሳየው ኮምፒውተሬ የቆመ መስሎኝ ነበር። ፎቶ፣ ከዚያ ሌላ ፎቶ፣ ከላይ የአንድ ተራኪ ድምፅ። መሃል ላይ ግን የተኛችው ሴት ዓይኗን ትገልጣለች። በፊልሙ ሙሉ የሚንቀሳቀሰው ያ ብቻ ነው፣ ለጥቂት ሴኮንዶች። እኔ እዚያ ጋ ክው ነው ያልኩት። ደግሞ ዋናው ሰውዬ ከወደፊት በጊዜ ወደ ኋላ እንዲጓዝ የተመረጠው ከልጅነቱ አንድ ምስል አልለቀው ስላለ ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ በፎቶ ባይነገር ነበር የሚገርመኝ።

ገንዘብ ያዡ፦
እሺ፣ ዓይኗን ስትገልጥ እናያለን። ካላየሁ ግን ቡናውን አንተ ትጋብዛለህ።

አባል 3፦
ሂችኮክን ረሳችሁት! እሱ በሠራው «ቨርቲጎ» (1958) ውስጥ ሴትየዋ የተቆረጠ ግዙፍ ግንድ ቀለበቶች ላይ እያመለከተች የተወለደችበትንና የሞተችበትን ዘመን ታሳያለች። ማርከር ያንን ወስዶ ሰውየውን ከግንዱ ውጭ፣ ባዶው ቦታ ላይ እንዲጠቁም አደረገው። ከወደፊት ነዋ የመጣው። ጊሊያም ደግሞ የ«12 መንኪስ»ን ሁለት ሽሽተኞች ሲኒማ ቤት አስገብቶ ራሱን «ቨርቲጎ»ን ያሳያቸዋል። አንዱ ሽሽተኛ፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ ኮል፣ ማያ ገጹን እያየ፣ ፊልሙ ያው ነው፣ የሚለወጠው የሚያየው ሰው ነው ይላል። ሦስቱንም እናሳይ።

አስተባባሪዋ፦
እህቴ፣ «ቨርቲጎ» ብቻውን 128 ደቂቃ ነው። ሦስቱ ሲደመሩ 285 ደቂቃ ይሆናሉ፤ ያለ እረፍት አምስት ሰዓት ሊሞላ 15 ደቂቃ ነው የሚቀረው። ሰው ይሸሸናል። የግንዱን ነገር በመግቢያ ንግግሩ አንቺው ተናገሪው።

አባል 1፦
መግቢያው ላይ አንድ ነገር ይጨመር። ሰው የጊዜ ጉዞ ሲባል ጥፋቱን ሊያስቆም የሚሄድ ጀግና ነው የሚጠብቀው። ኮል ግን ከወደፊት የሚላከው በቫይረስ ያለቀውን 5 ቢሊዮን ሰው ሊያድን አይደለም። ያለፈው አይለወጥም። ተልእኮው ስለ ቫይረሱ መረጃ ማምጣት ነው፣ ለተረፉት መድኃኒት እንዲሠራ። ሳይንቲስቶቹ እሱንም አስተካክለው አይልኩትም፤ ወደ 1996 ሲሉት 1990 ላይ ይጥሉታል። የአእምሮ ሆስፒታል የገባው ለዚያ ነው። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ተመልካች «ለምን አያስቆመውም?» እያለ አይበሳጭም።

አስተባባሪዋ፦
ጥሩ። እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦

«መጀመሪያ የአሥር ደቂቃ መግቢያ። ከዚያ ‹12 መንኪስ›፣ ከዚያ እረፍት፣ በመጨረሻ ‹ላ ዤቴ›። ከኋለኛው ፊልም ወደ መነሻው እንሄዳለን። ውይይቱ ሁለቱም ካለቁ በኋላ ነው። ለሁለቱም የማሳያ ፈቃድ ይጠየቃል። የ‹ላ ዤቴ› ትረካ በራሱ ድምፅ ይሰማል፤ የአማርኛው ትርጉም ከሥር ይነበባል።»

አባል 2፦
ትርጉሙን እኔ እይዛለሁ። ተራኪው አንድ ስለሆነ አይከብድም።

ገንዘብ ያዡ፦
የፈቃዱን ክፍያ ጠይቄ አሳውቃችኋለሁ። ፖስተሩስ?

አባል 1፦
የተላከውን ረቂቅ አይቻለሁ፣ ያምራል። ግን እባካችሁ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ይውጣ!

አስተባባሪዋ፦
ወጥቷል። በምትኩ የተቆረጠ ግንድ ይሳላል።