ጎጃም ለሠርግ፦ ታኮ ጫማና ሕፃን ልጅ አብረው እንዴት ይሄዳሉ?

ጥያቄ፣ ከካልጋሪ

ሰላም ለሁላችሁ የጎጃም ልጆች። ከጥምቀት በኋላ ደብረ ማርቆስ የቤተሰብ ሠርግ አለ። ከእኔ ጋር የሚመጡት የ4 ዓመት ሴት ልጅና የ14 ወር ወንድ ልጅ ናቸው። ወንዱ መራመድ ጀምሯል፣ ግን ሰው ሲበዛ ታቀፉኝ ይላል። ለሠርጉ የተገዛው ጫማ ቀጭን ታኮ፣ 9 ሴንቲ ሜትር ነው። ሐበሻ ቀሚሱ እዚያው እየተሠራ ስለሆነ ቁመቱ ገና አልተቆረጠም። ዳስም አለ፣ ሆቴልም አለ፣ ቤተ ክርስቲያንም አለ፤ ከዚያ ባሕር ዳር እንሻገራለን። የቱ ጋ ታኮ ይሆናል፣ የቱ ጋ ይውለቅ? መሬቱን የምታውቁ ንገሩኝ።

ከደብረ ማርቆስ

እንኳን በደህና ልታመጪያቸው ነው፣ እታለም። ጫማውን ከመምረጥሽ በፊት ልጁን ማን እንደሚይዘው ወስኚ። ሠርግ ላይ "ሁላችንም እንይዘዋለን" ከተባለ ማንም አይይዘውም፤ ዞሮ ዞሮ እናቱ ክንድ ላይ ነው የሚውለው። አንዲት ጠፍጣፋ ጫማ ያደረገች አክስት ወይም እህት በስም ተጠርታ "ሙሽሮቹ ገብተው ምሳ እስኪያልቅ አንቺ ነሽ" ትባል። ያቺ ሰው ካልተገኘች የ9 ሴንቲውን ነገር ተይው።

አሁን ስለ መሬቱ። ዳስ ውስጥ የሚያስቸግረው ቄጠማው ነው። ጠዋት ሲጎዘጎዝ እርጥብ ነው፤ ከጫማ ሥር ይንሸራተታል። አፈር ላይ ሲሆን ታኮው ቄጠማውን በስቶ አፈሩ ውስጥ ይሰምጣል፣ እግር ሲነሳ ጫማው እዚያው ይቀራል። ሴራሚክ ላይ ሲሆን ደግሞ አይሰምጥም፣ ይንሸራተታል፤ ይሄ ይብሳል። ስለዚህ አዳራሽ ውስጥ ቄጠማ ካለ ልጅ ታቅፈሽ በላዩ አትራመጂ፣ በግድግዳው ጥግ በኩል ባዶውን ወለል ይዘሽ ዙሪ። ቡና የሚፈላበት ጥግ ላይም ቄጠማ አለ፣ አጠገቡ ከሰል የያዘ ምድጃና ጀበና አለ። እዚያ በታኮ ቆመሽ ሕፃን አትያዢ፤ ወይ ተቀመጪ ወይ ራቂ።

የዳሱ ገመድና ካስማም አለ። ብዙ ጊዜ ገመዱ በጉልበት ከፍታ ላይ ተወጥሮ ካስማው ከዳሱ ውጭ ይቸነከራል። ቀን ይታያል፣ ሲመሽ አይታይም። የ4 ዓመቷ ልጅ ከሥሩ ሾልካ ስትሮጥ እናት ተከትላ ስትፈጥን ነው የሚያደናቅፈው። ገመዱ ላይ ነጭ ጨርቅ ወይም ፌስታል እንዲታሰር ለዳስ ጣዮቹ ንገሪያቸው፤ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ኮብልስቶኑን ታውቂዋለሽ። ድንጋዩ እጅ መዳፍ ያህላል፣ መሐሉ አሸዋ ነው፣ አሸዋው ሲታጠብ ክፍተት ይቀራል። ቀጭን ታኮ እዚያ ክፍተት ውስጥ ልክ ይገባል። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ሰውነት ወደፊት ይሄዳል፣ ታኮው ወደኋላ ይቀራል። የሕፃን ጋሪ ይዞ መምጣት ያሰብሽ እንደሆነ የፊት ጎማው ትንሽ ከሆነ እዚያው ክፍተት ላይ ይሰነቀራል። ጋሪን እንደ ምርኩዝ ተደግፎ በታኮ መሄድ ከሁሉ የባሰ ነው፤ አንቺ ስትንሸራተቺ ጋሪው ልጁን ይዞ ይሮጣል።

ከባሕር ዳር፣ ጫማ ሰፊ

ስለ ጫማው እኔ ልናገር። የታኮ ቁመት የሚለካው በስተኋላ ብቻ አይደለም። የኋላውን ለኪ፣ የፊተኛውን ሶል ውፍረት ቀንሺ፤ የቀረው ነው እግርሽ የሚሸከመው ቁልቁለት። ኋላው 9፣ ፊቱ 3 ከሆነ ቁልቁለቱ 6 ነው። ይቀላል ማለት ነው፣ ግን የፊት ሶሉ ወፍራም የሆነ ጫማ አይታጠፍም፣ መሬቱም በእግር አይሰማም፤ ጠጠር ሲረገጥ ቁርጭምጭሚት የሚጠመዘዘው በዚህ ነው። ልጅ ለምትይዝ ሰው እንዲህ ያለውን አልመርጥላትም።

ጫፉን ተመልከቺ። የቀጭን ታኮ ጫፍ ስፋቱ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጎኑ 4 በ4 የሆነ ወፍራም ታኮ መሬት የሚነካበት ስፋት የዚያ ከ15 እጥፍ በላይ ነው። ያው የእናትና የልጅ ክብደት ነው፣ ግን አንዱ አፈር ይበሳል፣ ሌላው ላይ ላዩን ይቆማል። ቀጭኑን ካልተውሽው ጫፉ ላይ የሚሰካ ሰፊ ፕላስቲክ ቆብ ከዚያው ከውጭ ይዘሽ ነይ። ለሣርና ለአፈር ይረዳል፤ ሴራሚክ ላይ ግን አውልቂው፣ ያንሸራትታል።

ከመምጣትሽ በፊት ሦስት ነገር እይ። ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ ታኮውን በጣት ወደ ጎንና ወደ ጎን ግፊው፤ ከተነቃነቀ ምስማሩ ለቋል ወይም በሶሉ ውስጥ ያለው ብረት ተሰብሯል። ብረቱ ከተሰበረ ማስቲሽ አይጠግነውም፣ ገንዘብሽን አትጨርሺ። ቀጥሎ የታኮውን ጎማ ገልብጠሽ እይው። አልቆ ብረቱ ብቅ ካለ ሴራሚክ ላይ በረዶ ላይ እንደመሄድ ነው። ጎማው በቀላሉ ይቀየራል፤ ግን ለመጠኑ የሚሆን ጎማ እዚህ ሁልጊዜ ስለማይገኝ ትርፍ ጥንድ ከውጭ ያዢ። ሦስተኛው፣ ጫማው ካርቶን ውስጥ ዓመታት የቆየ ከሆነ ሶሉን በጥፍር ጫን በይው። ከፈረፈረ ወይም ከተጣበቀ አታድርጊው። አንዳንዱ የፕላስቲክ ሶል ሳይለበስም እርጥበት ውስጡን ይበላዋል፤ ሲታይ አዲስ ነው፣ ሲረገጥ ይገነጠላል። ዘመድ ላይ ጫማ የምትልኩም ይህንን አይታችሁ ላኩ። እዚህ አደራ ተብሎ ለበዓል ይቀመጣል፣ የበዓሉ ቀን መንገድ ላይ ሶሉ ይወድቃል።

ከሚኒያፖሊስ፣ ፊዚዮቴራፒ የምሠራ

ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፤ የልጁን ክንድ ልጨምር፣ ማንም ስላላነሳው። እናት በታኮ ስትሄድ የልጇን እጅ በጣት ወይም በአንጓ ይዛ ከተደናቀፈች እጇ የልጁን ክንድ በድንገት ወደ ላይ ይስባል። ከ1 እስከ 4 ዓመት ባሉ ልጆች የክርኑ ጅማት ገና ልል ስለሆነ አጥንቱ ከጅማቱ ሥር ሸርተት ይላል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ልጁ ክንዱን ወደ ታች አንጠልጥሎ አያንቀሳቅሰውም፣ ሲነኩት ያለቅሳል፣ ብዙ ጊዜ እብጠት የለውም። ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት፤ ባለሙያ በደቂቃ ይመልሰዋል። ወጌሻ ጋ ወስዳችሁ አታሹት፣ አትጎትቱት። ካበጠ ወይም ቅርጹ ከተዛባ ስብራት ሊሆን ስለሚችል ራጅ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ በታኮ ስትሄጂ የ4 ዓመቷን በእጅ አትጎትቻት። ጠፍጣፋ ጫማ ያደረገ ሰው ይያዛት፤ ካልሆነ እሷ ቀሚስሽን ወይም ነጠላሽን ሳይሆን የቦርሳሽን ማንጠልጠያ ትያዝ። ብትደናቀፊ ቦርሳው ይለቀቃል፣ ክንዷ አይሳብም።

በክንድ የታቀፈ ልጅ የራስሽን እግር ይሸፍንብሻል፤ ደረጃው የት እንደሚያልቅ አታዪም፣ ሚዛን የሚጠብቁት ሁለቱ እጆችም ተይዘዋል። ታኮ ደግሞ እግርን ወደፊት ስለሚያዘነብለው የቁርጭምጭሚቱ አጥንት በቦታው ጠብቆ አይቀመጥም፣ ለመጠምዘዝ ይመቻል። በማዘያ ወይም በአንቀልባ ያዘልሽ እንደሆነ ወደፊት ጎንበስ ስለምትይ ክብደቱ ሁሉ ጣቶችሽ ሥር ይወርዳል፤ ወደኋላ ብትወድቂ የምትወድቂው ልጁ ላይ ነው። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ልጅ ከታዘለ ታኮ የለም፣ 3 ሴንቲም ቢሆን። ልጅ በክንድ ከሆነ ወፍራም ታኮ፣ ከ5 ሴንቲ የማይበልጥ፣ ደረቅና ደልዳላ ወለል ላይ፣ ከአንድ ወንበር እስከ ሌላው ወንበር ብቻ። ደረጃ ካለ ጫማውን አውልቂ፤ ሠርግ ላይ ባዶ እግሯን ደረጃ የወረደችን እናት የሚታዘብ የለም።

በእርግዝናና ከወሊድ በኋላ እግር ሊሰፋና ሊረዝም፣ እንደዚያው ሊቀር ይችላል። የድሮው ቁጥር ላይሆንሽ ይችላልና እግርሽን እንደገና አስለኪ፣ አመሻሽ ላይ። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጎሐ ጽዮን ላይ ወደ ዓባይ በረሃ ወርደሽ ደጀን እስክትወጪ ተቀምጠሽ ስለምትውዪ እግር ያብጣል። በዚያው ቀን ማታ ታኮ አትሞክሪ፣ ጠበበኝ ብለሽ ትሳሳቻለሽ።

ከሲያትል

እኔ ግን ልጅ ያላት ሴት ለምን ትጨነቃለች እላለሁ። ጠፍጣፋ ጫማ አድርጎ መገላገል ነው።

ከደብረ ማርቆስ

ለመንገድ እስማማለሁ። ነገር ግን ሠርግ ነው፣ ቪዲዮ አለ፣ የሙሽሮቹ ቤተሰብ ናት፤ ማማር ፈልጋ ብትለብስ ነውር የለበትም። ሁለት ጥንድ ጫማ ይያዝ፤ ታኮው ለፎቶና ለአዳራሽ፣ ጠፍጣፋው ለቀረው።

ከደብረ ማርቆስ፣ ልብስ ሰፊ

ሁለት ጥንድ ማለት ደግሞ ሁለት የቀሚስ ቁመት ማለት ነው፣ እዚህ ላይ ነው የሚሳተው። ቀሚሱ በ9 ሴንቲ ታኮ ከተቆረጠ፣ 1 ሴንቲ ሶል ባለው ጠፍጣፋ ጫማ ስትቆሚ 8 ሴንቲ መሬት ይጎተታል። ልጅ ታቅፈሽ ደረጃ ስትወጪ የገዛ ቀሚስሽን ረግጠሽ ትወድቂያለሽ። ታኮ ሳይሆን ጠፍጣፋው ጫማ ጣላት ይባላል፣ ጥፋቱ የቁመቱ ነው።

ቁመቱ በጠፍጣፋው ጫማ ይለካ። ቀጥ ብለሽ ቆመሽ ከፊት ከመሬት 3 ሴንቲ ከፍ ይበል። በታኮ ስትቆሚ ትንሽ ያጥራል፤ ቁርጭምጭሚት ቢታይ አይከፋም፣ የሐበሻ ቀሚስ ጥለት እንዲያውም ከመሬት ተነስቶ ሲታይ ያምራል። ልኬቱን ከዚያ ስትልኪ ከትከሻ እስከ መሬት በጠፍጣፋው ጫማ ለክተሽ ላኪ፣ "በታኮ ነው" ብለሽ አትላኪ። ከተሠራ በኋላ ረዘመ ብሎ ከታች መቁረጥ ጥለቱን ያበላሻል፤ የሚያጥረው ከወገቡ ነው፣ ያም ጊዜ ይፈልጋል። ለሠርጉ ቢያንስ ሳምንት ሲቀረው ልበሺውና እይው።

በረጅሙ ተሠርቶ ካለቀ መቀነቱን ተጠቀሚ። መቀነቱን ወገብሽ ላይ አጥብቀሽ እሰሪ፣ ቀሚሱን በሁለት እጅ ከፊትም ከኋላም እኩል ከ6 እስከ 8 ሴንቲ ወደ ላይ ሳቢው፣ ትርፉን በመቀነቱ ላይ ጣይው። ባላገር እናቶች ውኃ ሲሻገሩ፣ ዳገት ሲወጡ የሚያደርጉት ነው። ታኮ ስታደርጊ መልሰሽ ታወርጂዋለሽ። ነጠላሽንም ከፊት አታንዠርግጊው፤ የ14 ወር ልጅ መጀመሪያ የሚይዘው ጫፉን ነው።

ከባሕር ዳር

ስለ ቤተ ክርስቲያን፦ ጫማ ስለሚወልቅ የቁርጭምጭሚት ማሰሪያው ዘለበት ያለው ከሆነ ሁለት እጅና ማጎንበስ ይጠይቃል። ልጁን ለሰው ሰጥተሽ ፍቺው፣ ወይም ማሰሪያው በላስቲክ ይቀየርልሽ። ማሰሪያውን ግን አታስወጪው፤ ማሰሪያ የሌለው ታኮ ከእግር ይወጣል። ፌስታል ያዢ፣ ጫማሽን ከሌላው ጫማ ክምር ለይተሽ አስቀምጪ፤ ለልጆቹ ካልሲ ይኑራቸው።

ባጃጅ ላይ ስትሳፈሪ ጠፍጣፋውን አድርጊ፣ ስትደርሺ ውስጥ ተቀምጠሽ ቀይሪ። ስትወርጂ በቀኝ በኩል ውረጂ፣ መጀመሪያ ሁለቱም እግሮችሽ መሬት ይንኩ፣ ከዚያ ልጁን አንሺው። አንድ እግር ባጃጁ ውስጥ፣ አንድ እግር ድንጋይ ላይ፣ ልጅ በክንድ፦ ሰው የሚወድቀው በዚህ ሰዓት ነው። መኪና ተከራይተሽ የምትነጂ ከሆነ በታኮ አትንጂ፣ ታኮው ምንጣፉን ይይዛል። የሚቀየረውን ጫማ ከጎንሽ ባለው ወንበር በኩል አስቀምጪ፤ ከሹፌር ወንበር ሥር ካደረግሽው ተንከባሎ ፍሬን ሥር ይገባል።

ጭስ ዓባይና ዘጌ ላይ ታኮ ጨርሶ አይታሰብ። ጭስ ዓባይ በፖርቱጋሎች ድልድይ በኩል ያለው መንገድ ድንጋያማ ነው። ዘጌ ላይ ከጀልባ ስትወርጂ ጀልባው ይወዛወዛል፤ ከዚያ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚያስኬደው በቡናው ጫካ መሐል ሥርና ድንጋይ የበዛበት ነው። ሸራ ጫማ፣ ሕፃኑ በማዘያ። በጣና ዳር ደልዳላው የእግር መንገድ ላይ ወፍራም ታኮ ይሆናል። በክረምት ለሚመጡ ደግሞ፣ በተለይ በቢቸናና በደጀን በኩል ዋልካ ስላለ፣ ታኮ ቤት ይቅር፤ ጭቃው ጫማውን ይዞ አይለቅም።

ጥያቄ፣ ከካልጋሪ

እግዜር ይስጥልኝ። ወፍራም 5 ሴንቲ ታኮና ጠፍጣፋ፣ ቁመቱም በጠፍጣፋው ይለካል። አንድ የቀረኝ፦ የ4 ዓመቷ "እኔም ታኮ" እያለች ነው። ትንሽ ታኮ ያለው የልጅ ጫማ ይሸጣል።

ከሚኒያፖሊስ፣ ፊዚዮቴራፒ የምሠራ

አይሆንም። አጥንቷ ገና እየጠነከረ ነው፣ እሷም ቀኑን ሙሉ ስትሮጥ ነው የምትውለው። ጠፍጣፋ፣ በጣት የሚታጠፍ፣ ከአውራ ጣቷ ፊት 1 ሴንቲ ያህል ቦታ የሚተው ጫማ ግዢላት። ካኮረፈች ጌጡ የሚያብለጨልጭ ይሁን፤ በዚያ ዕድሜ የምትፈልገው ብልጭልጩን ነው።