ለመኪና የትኛው እሳት ማጥፊያ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ሰላም የአዳማ ልጆች። የምነዳው ቪትዝ ነው፣ በፈጣን መንገዱ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። እሳት ማጥፊያ ልገዛ ነው። ባለ 1 ኪሎም ባለ 2 ኪሎም አለ፣ አንዱ ሻጭ ደግሞ ሲኦቱ (ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ይሻልሃል አለኝ። የቱን ልውሰድ?

መልስ፦ ኤቢሲ የሚል ደረቅ ፓውደር ውሰድ። ቤንዚንም፣ የኤሌክትሪክ ሽቦም፣ የወንበር ጨርቅም ሲቃጠል ይሠራል። ሲኦቱ ጋዝ ስለሆነ ሜዳ ላይ ነፋስ ይበትነዋል፣ የአዳማን ነፋስ ደግሞ ታውቀዋለህ። ባለ 1 ኪሎው በ10 ሰከንድ አካባቢ ያልቃል፤ ቦታ ካለህ ባለ 2 ይሁን።

መልስ፦ ስትገዛ የጌጁ (የግፊት መለኪያው) ቀስት አረንጓዴው ላይ መሆኑን እይ፣ የማብቂያ ቀኑንም። እባክህ ከኋላ ሻንጣ ሥር እንዳትቀብረው፣ እጅህ በቀላሉ የሚደርስበት ቦታ በማሰሪያው አጥብቀህ እሰረው፣ ምክንያቱም ፍሬን ስትይዝ ተንከባሎ ፔዳል ሥር ከገባ ሌላ አደጋ ነው።

ጠያቂው፦ ተባረኩ። ሞተሩ ቢነድስ፣ ኮፈኑን ልክፈት?

መልስ፦ ወለል አድርገህ እንዳትከፍት! አየር ሲያገኝ ይብሳል። መጀመሪያ ዳር ያዝ፣ ሞተር አጥፋ፣ ሰው አውርድ። ከዚያ በጠባቡ ክፍተት ርጭ። ካልጠፋ ቶሎ ራቅ፣ መኪናው ይቅር።